ከወር አበባ በፊት ስለሚመጣ የምግብ አምሮት

ከጅሬን ኮረብታ ወደ ጅማ ከተማ ቁልቁል የሚወርደው መንገድ የቆየ የገበያ መንገድ ነው። ዳግማዊ አባ ጅፋር ከ1878 እስከ 1932 ዓ.ም. በገዙበት ዘመን ቤተ መንግሥታቸው በዚሁ ኮረብታ ላይ ነበረ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)። ከሥሩ ባለው በሂርማታ ገበያም ቡናና ማር፣ ጨውና እህል ይሸጥና ይለወጥ ነበር። አገሩ ዛሬም ለም ነው፤ ቡናው ከደጅ፣ ማሩ ከጫካ፣ ሙዙና አቮካዶው ከጓሮ ይገኛል። ነገር ግን ስለ ምግብ ብዙ በሚነገርበት በዚህ አገር እንኳ፣ ስለ ምግብ የማይነገር አንድ ነገር አለ። ስለ እርሱ በዚህ ጽሑፍ ጥቂት ለመናገር እንወዳለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንዲት የ15 ዓመት ተማሪ አለች እንበል። አብዛኛውን ቀን የሱቁን ደጃፍ ሳትመለከተው ታልፋለች። ዳሩ ግን በወሩ ውስጥ ጥቂት ቀኖች አሉ፤ በእነዚያ ቀኖች ለደብተር በተሰጣት ገንዘብ ከረሜላና ብስኩት ትገዛለች፤ ማታ ደግሞ የተረፈ ዳቦ ፍለጋ ወደ ማድ ቤት ትገባለች። ወንድሟ አይቶ «ሆዳም!» ይላታል። እናቷም «ምን ነካሽ ልጄ?» ብላ ትጠይቃታለች። ልጅቱ ምን እንደ ነካት ስለማታውቅ ዝም ትላለች፤ በልቧ ግን ታፍራለች። ጥቂት ቀን ካለፈ በኋላ የወር አበባዋ ይመጣል፤ ያ ሁሉ ፍላጎትም እንደ ጉም ተኖ ይጠፋል። በሚመጣው ወር ግን ነገሩ እንደ ገና ይደገማል።

ቋንቋችን ለዚህ ነገር ቃል አላጣለትም፤ «አምሮት» ይለዋል። ነፍሰ ጡር ሴት አምሮት መጣባት በተባለ ጊዜ ቤተ ሰቡ በሙሉ ይነሣል። ባል የተመኘችውን ፍለጋ ከጎረቤት ጎረቤት፣ ከገበያ ገበያ ይዞራል፤ ባያገኝላትም እንኳ ማንም ሆዳም ብሎ አይሰድባትም። ይህ ደግ ልማድ ነው። ነገር ግን ያችው ሴት ከወር አበባዋ በፊት ምግብ ባማራት ጊዜ አምሮት መባሉ ይቀርና ሆዳምነት ይባላል። ሁለቱም በሴት ሰውነት ውስጥ በሚደረግ ለውጥ ጊዜ የሚታዩ ሲሆኑ፣ አንዱ የሚከበርበት ሌላው የሚናቅበት ምክንያት ምንድን ነው?

አንባቢ «አማረኝ» የሚለውን ቃል ልብ ብሎ ይመልከተው። «ፈለግሁ» ወይም «በላሁ» ስንል አድራጊዎቹ እኛው ነን። «አማረኝ» ስንል ግን ነገሩ በእኛ ላይ የመጣ ነው፤ እኛ ተቀባዮች ነን። «ራበኝ»፣ «ጠማኝ»፣ «በረደኝ» እንደምንለው ማለት ነው። በበረደው ሰው ላይ ማንም አይፈርድበትም፤ ጋቢ ያቀርብለታል እንጂ። አምሮት የመጣባትንም ሴት እንዲሁ በማስተዋል መመልከት ይገባል።

ለመሆኑ አምሮቱ ከወዴት ይመጣል? የሴት ወር የሚቈጠረው ደም ከታየበት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሚቀጥለው ደም እስከሚታይበት ቀን ድረስ ነው። መካከለኛው ልክ 28 ቀን ነው ይባላል፤ ነገር ግን በአዋቂ ሴት ከ21 እስከ 35 ቀን ያለው ሁሉ ደኅና ነው። የወር አበባ በጀመረች ልጅ ላይ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቀኑ ሊዛባና እስከ 45 ቀን ሊደርስ ይችላል። በወሩ መካከል ገደማ ከእንቁልጢ አንዲት ፍሬ ትወጣለች። ከዚያ በኋላ ባሉት 14 ያህል ቀኖች ፕሮጄስትሮንና ኤስትሮጅን የሚባሉት፣ በደም አማካይነት ለሰውነት ትእዛዝ የሚያደርሱ ንጥረ ነገሮች ይበዛሉ፤ ማሕፀንም ፅንስ ለመቀበል ይዘጋጃል። ፅንስ ካልተገኘ በመጨረሻዎቹ ቀኖች ሁለቱም ይቀንሳሉ፤ የተዘጋጀውም የማሕፀን ሽፋን በደም ይወርዳል። በነዚያ 14 ቀኖች ውስጥ የሰውነት ሙቀት እንኳ ከግማሽ ዲግሪ ያልበለጠ ጭማሪ ያሳያል። ስለዚህ ሴቲቱ «ሰውነቴ ተለወጠ» ብትል እውነቷን ነው።

ሐኪሞች ይህን ለውጥ በጽሑፍ ማስፈር ከጀመሩ መቶ ዓመት አልሞላም። በ1931 ዓ.ም. ሮበርት ፍራንክ የተባለ የኒው ዮርክ ሐኪም ከወር አበባ በፊት ስለሚታይ ጭንቀትና መቈጣት ጻፈ። በ1953 ዓ.ም. ደግሞ ሬይመንድ ግሪንና ካትሪና ዳልተን የተባሉ ሁለት ሐኪሞች በእንግሊዝ አገር በሚታተመው የሐኪሞች መጽሔት ላይ ነገሩን ሰፋ አድርገው ገለጡት፤ ዛሬ የሚታወቅበትንም ስም ሰጡት። የጡት መወጠር፣ የሆድ መነፋት፣ የራስ ምታት፣ የእንቅልፍ መዛባት፣ የቁጣ መፍጠን፣ የምግብ አምሮትም ሁሉ ከምልክቶቹ መካከል ናቸው። መለያቸውም አንድ ነው፤ ደሙ ከመምጣቱ በፊት ይነሣሉ፣ ደሙ በመጣ በጥቂት ቀን ውስጥ ይጠፋሉ።

ሴቲቱ በተለይ ጣፋጭና ጨዋማ ነገር ለምን ያምራታል? ሊቃውንት ሦስት ምክንያት ይሰጣሉ። አንደኛው፣ በነዚያ ቀኖች ሰውነት በዕረፍት ላይ ሳለ የሚያቃጥለው ኃይል በጥቂቱ መጨመሩ ነው። ጭማሪው ትንሽ ነው፤ በአንዳንድ ሴቶችም አይታይም። ሁለተኛው፣ ሴሮቶኒን የተባለውና የአንጎልን መረጋጋት የሚያግዘው ንጥረ ነገር ከሆርሞኖቹ ጋር አብሮ ይዋዥቃል ተብሎ መታሰቡ ነው፤ ስኳርና ዳቦም ለጊዜው ልብን የሚያሳርፉ ስለ ሆኑ ሰውነት ወደ እነርሱ ያዘነብላል።

ሦስተኛው ልማድ ነው። በአሜሪካ አገር ብዙ ሴቶች ከወር አበባቸው በፊት ቸኮላት ያምረናል ይላሉ። ነገር ግን በ2017 ዓ.ም. በዚያው አገር በታተመ አንድ ጥናት፣ ከአሜሪካ ውጭ የተወለዱ ሴቶች ይህን አምሮት የሚናገሩት በዚያ ከተወለዱት ይልቅ በጣም ጥቂት ሆነው ተገኙ። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2009 ዓ.ም. የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ፣ የወር አበባቸው በዕድሜ ምክንያት በቆመ ሴቶች ላይ የቸኮላት አምሮት የቀነሰው በጥቂቱ ብቻ መሆኑን አሳየ። አምሮቱ የሆርሞን ሥራ ብቻ ቢሆን ኖሮ ከወር አበባው ጋር አብሮ በቆመ ነበር። ከዚህ የምንረዳው፣ ሰውነት ግፊቱን እንደሚሰጥ፣ ልማድ ግን መንገዱን እንደሚያሳይ ነው። አያቶቻችን ቸኮላት አይተው አያውቁም ነበር፤ ስለዚህ አላማራቸውም። የዛሬይቱ ልጅ ደግሞ በየሱቁ ደጃፍ ከረሜላና ለስላሳ መጠጥ ተደርድሮ ታያለች፤ ዓይኗ ያየውን ልቧ ይመኛል። ይህም ለእኛ መልካም ወሬ ነው፤ ልማድ ያመጣውን ልማድ ሊያሻሽለው ይችላልና።

ወደ ምክሩ ከመግባታችን በፊት ግን መምህራን ሊለዩት የሚገባ አንድ ትልቅ ነገር አለ። አምሮትና ረኃብ አንድ አይደሉም። አምሮት አንድ የታወቀ ነገር ይመኛል፤ ንፍሮ ቢቀርብለት «እርሱን አይደለም» ይላል። ረኃብ ግን የቀረበለትን ሁሉ ይበላል። አምሮት ይመጣል፣ ጥቂት ቆይቶም ያልፋል፤ ረኃብ ካልበሉለት በቀር እየበረታ ይሄዳል።

ይህን መለየት በጅማ አገር ለምን እንደሚያስፈልግ አንድ ማስረጃ እንጥቀስ። የጅማ ዩኒቨርሲቲ በ1952 ዓ.ም. ከተከፈተው የእርሻ ኮሌጅና በ1983 ዓ.ም. ከተቋቋመው የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት መዋሐድ በ1999 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው። ተመራማሪዎቹ ከአሜሪካ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ በጅማ ከተማ፣ በአካባቢው ትንንሽ ከተሞችና በገጠሩ የሚኖሩ ከ13 እስከ 17 ዓመት የሆኑ ከ2,000 በላይ ወጣቶችን ጠይቀዋል። በ2008 ዓ.ም. ባወጡት ጽሑፍም የሚያሳዝን ነገር ተገለጠ። የምግብ እጥረት በበረታባቸው ቤቶች የሚኖሩት ወንዶችና ሴቶች ልጆች ቍጥራቸው ተመጣጣኝ ነው፤ ሆኖም «እኔ ራሴ ምግብ አጥቻለሁ» ያሉት ከወንዶቹ ይልቅ ሴቶቹ በዙ። ማዕዱ አንድ ቤት ሆኖ ሳለ፣ በሳሳ ጊዜ የሚቀነሰው ከሴት ልጅ ድርሻ ነው ማለት ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው ተከታዩ ጽሑፍ ደግሞ ምግብ ከሚያጥርባቸው ቤቶች የሚመጡ ወጣቶች ከትምህርት አብዝተው እንደሚቀሩና በክፍልም ወደ ኋላ እንደሚሉ አስረዳ።

እንግዲህ መምህር ሆይ፣ ከተማሪዎችህ አንዲቱ በረፍት ሰዓት ከጓደኛዋ ምሳ ስትቀላውጥ ባየህ ጊዜ ለመፍረድ አትቸኩል። ምናልባት የወሩ አምሮት ይሆናል፤ ምናልባትም ቁርሷን ሳትበላ መጥታ ይሆናል። በወሩ ውስጥ ለጥቂት ቀን ብቻ የሚታይ ከሆነ አምሮት ነው ብሎ መገመት ይቻላል። ወሩን ሙሉ የሚታይ ከሆነ ግን ልጅቱ የሚያስፈልጋት ምክር ሳይሆን እንጀራ ነው።

ሁለተኛው ሊለይ የሚገባው ነገር ከዚህ ይበልጥ ያስፈራል። አንዳንድ ሴት ምግብ ያልሆነ ነገር ያምራታል፤ አፈር፣ የግድግዳ ጭቃ፣ ከሰል፣ ጥሬ ሩዝ። ብዙዎች በእርግዝና ጊዜ ብቻ የሚታይ ይመስላቸዋል፤ እርጉዝ ባልሆነች ልጃገረድም ላይ ይታያል። ይህ ከወር አበባ በፊት የሚመጣው ተራ አምሮት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ በደም ውስጥ የብረት ማዕድን የማነስ ምልክት ነው። ሴት በየወሩ ከደሟ ጋር ብረት ታጣለች፤ የሚተካ ምግብ ካላገኘች ደሟ ይሳሳል። በ2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች ከ100 ውስጥ 24ቱ የደም ማነስ ተገኝቶባቸዋል። አፈር መብላት ደግሞ ጉዳቱን ያብሳል፤ በአፈር ውስጥ የወስፋት እንቁላል ይኖራልና። በባዶ እግር በኩል ገብቶ ከአንጀት ደም የሚመጥ ሌላም ትል አለ። አፈር የሚያምራትን ልጅ መቈጣት ወይም በሰው ፊት ማሳፈር ፈጽሞ አይገባም፤ ወደ ጤና ጣቢያ ወስዶ ደሟንና ዓይነ ምድሯን ማስመርመር እንጂ።

በቡና አገር ስለ ደም ሲነገር ስለ ቡና አለመናገር አይቻልም። ቡና የአገራችን ክብር ነው፤ የከፋና የጅማ ጫካዎች የአረቢካ ቡና እናት ናቸው። ነገር ግን ቡናና ሻይ ከእህልና ከጥራጥሬ የሚገኘው ብረት ወደ ደም እንዳይገባ ያግዱታል። በ1983 ዓ.ም. የታተመ አንድ ምርመራ እንዳሳየው፣ ከምግብ ጋር የተጠጣ አንድ ስኒ ቡና ወደ ደም የሚገባውን ብረት ከ100 እጅ በ39፣ ሻይ ደግሞ በ64 ቀነሰው። ከምግብ አንድ ሰዓት በፊት የተጠጣ ቡና ጉዳት አላደረሰም፤ ከምግብ አንድ ሰዓት በኋላ የተጠጣው ግን ከምግብ ጋር እንደ ተጠጣው ያህል አገደ። እንግዲህ «ቡናውን ተዉት» አንልም፤ ይህን በአጋሮና በሊሙ ለሚኖር ሰው መንገር ከንቱ ድካም ነው። የምንለው፣ ልጃገረዶችና እናቶች ቡናቸውን ከምግብ አስቀድመው፣ ወይም ከምግብ ሁለት ሰዓት ያህል አቆይተው ይጠጡት ነው።

የስኳሩንም ነገር አብረን እንቍጠረው። ሥርዐቱ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሦስት ስኒ ነው። በያንዳንዱ ስኒ ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ቢገባ ስድስት ማንኪያ ይሆናል፤ ይህም ወደ 25 ግራም ይጠጋል። የዓለም የጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ50 ግራም ያነሰ ስኳር፣ ቢቻል ደግሞ ከ25 ግራም ያነሰ ይበቃል ይላል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ቡና በተጠጣ ብቻ የተሻለው ልክ ያልቃል። በቀን ሁለት ጊዜ ቡና በሚፈላበት ቤት ውስጥ አምሮት የመጣባት ልጅ ከረሜላ ስትጨምርበት ምን ያህል እንደሚሆን አንባቢ ራሱ ያስበው።

አሁን ወደ ምክሩ እንመለስ። አምሮትን ፈጽሞ ለማጥፋት መታገል አይጠቅምም፤ የተከለከለ ነገር ይብሱን ያምራል፤ ኋላም ሲገኝ ከልክ በላይ ይበላል። የሚበጀው አምሮቱን ማወቅ፣ ቀድሞ መዘጋጀትና በልክ ማስተናገድ ነው። ስለዚህም የሚከተሉትን እንመክራለን።

አንደኛ፣ ቀኑን መቍጠር ነው። ሴት ልጅ የወር አበባዋ የመጣበትን ቀን በደብተሯ ጀርባ ትጻፍ። የኛ ወር 30 ቀን ስለ ሆነ ቈጠራው ቀላል ነው። ወሯ 28 ቀን የሆነ ልጅ በየወሩ ሁለት ቀን ወደ ኋላ ትመለሳለች፤ በጥቅምት 20 ቀን የመጣ በኅዳር 18 ቀን ይመጣል ማለት ነው። ጳጉሜን ሲገባ ብቻ አምስቱን ወይም ስድስቱን ቀን ማሰብ ያስፈልጋል። ሦስት ወር የጻፈች ልጅ አምሮቱ በየትኞቹ ቀኖች እንደሚመጣ ታውቀዋለች። የታወቀ ነገር ደግሞ አያስፈራም።

ሁለተኛ፣ ቁርስን አለመተው ነው። ባዶ ሆድ የአምሮት ወዳጅ ነው። ጧት ገንፎ ወይም ጨጨብሳ፣ ወይም እንጀራ በሽሮ የበላች ልጅ በረፍት ሰዓት ከረሜላውን በቀላሉ ታልፈዋለች። በነዚያ ቀኖች አንድ ጊዜ አብዝቶ ከመብላት ይልቅ ጥቂት ጥቂት አድርጎ ደጋግሞ መብላት ይሻላል።

ሦስተኛ፣ ቶሎ የማይጠፋ ምግብ መምረጥ ነው። ስኳርና ነጭ ዳቦ ፈጥነው ያጠግባሉ፤ ፈጥነውም ይጠፋሉ። ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ምስር፣ አተርና በቆሎ ግን ቆይተው ኃይል ይሰጣሉ። የቡና ቁርስ የሚባለው የቆየ ልማዳችን እዚህ ላይ መድኃኒት ነው። የሽምብራ ቆሎ ወይም የስንዴና የባቄላ ንፍሮ በትንሽ ከረጢት ይዛ ወደ ትምህርት ቤት የሄደች ልጅ የሱቁን ብስኩት አትፈልግም፤ ገንዘቧም ለደብተሯ ይተርፋታል።

አራተኛ፣ ጣፋጭ ነገር ካማራት በባዶ ሆድ ሳይሆን ከምግብ በኋላ ትብላ። ሙዝ፣ ማንጎና ፓፓያ በጅማ ገበያ አይታጡም፤ እነርሱ ጣፋጭም ናቸው፣ ሰውነትንም ይጠቅማሉ። አንድ ማንኪያ ማርም በእንጀራ ወይም በዳቦ ላይ ቢሆን አይነቀፍም። ነገር ግን ማርም ስኳር መሆኑን አንርሳ፤ ልኩ እንደ ስኳር ነው።

አምስተኛ፣ ጨውን መቀነስ ነው። በነዚያ ቀኖች ሰውነት ውኃ ይይዛል፤ ሆድና ጡትም ይወጠራል። ጨው የበዛበት ቆሎና የታሸገ ድንች መወጠሩን ሊያብሰው ይችላል። ንጹሕ ውኃ ግን እንደ ልብ ይጠጣ።

ስድስተኛ፣ ብረትና ካልሲየም ያለበትን ምግብ ማዘውተር ነው። ምስር፣ ባቄላ፣ ጤፍና ጎመን፣ ከተገኘም ሥጋና ጉበት ለደም ይረዳሉ። ሎሚ ወይም ብርቱካን አብሮ ቢበላ የእህሉ ብረት ይበልጥ ወደ ደም ይገባል። ስለ ካልሲየም ደግሞ በ1998 ዓ.ም. በአሜሪካ የታተመ ምርመራ አለ። በቀን 1,200 ሚሊግራም ካልሲየም ለሦስት ወር የወሰዱ ሴቶች ከወር አበባ በፊት የነበራቸው ሕመም ከ100 እጅ በ48 ቀነሰላቸው፤ ባዶ ክኒን በወሰዱት ላይ ግን በ30 ብቻ ነበር የቀነሰው። የምግብ አምሮትም ከቀነሱት አንዱ ነበረ። ይህን ስላነበበ ማንም ክኒን ፍለጋ ወደ መድኃኒት ቤት አይሩጥ፤ ወተት፣ እርጎ፣ ዐይብ፣ ጎመንና ጤፍ በቤታችን አሉ፤ ክኒን የሚሰጠው በሐኪም ምክር ነው።

ሰባተኛ፣ እንቅልፍና እንቅስቃሴ ነው። እንቅልፍ ያጣ ሰው በማግሥቱ አብዝቶ ይበላል። ስለዚህ ማታ ቡናና ሻይ ይቅር። በእግር መሄድም አሳብን ያሳርፋል፤ ለጅማ ሰው ከጅሬን ኮረብታ የተሻለ መንገድ ማን ይሰጠዋል? አምሮቱ በመጣ ጊዜ ሃያ ደቂቃ ያህል መራመድ ወይም ሥራ መያዝ ብዙ ጊዜ ያሳልፈዋል።

ስምንተኛ፣ አምሮትን በጫት ወይም በመራብ ለመግደል አለመሞከር ነው። ጫት የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፤ እንቅልፍን ግን ያሳጣል፣ ቁጣንም ይጨምራል። ቀጭን ለመሆን ብላ የምትራብ ልጅም የወር አበባዋ እስኪቀርባት ድረስ ራሷን ልትጎዳ ትችላለች።

የጾም ነገርም ሊታሰብ ይገባል። በእስልምና ሥርዐት ሴት የወር አበባዋ ሲመጣ ጾሟን ታቋርጣለች፤ ያጎደለችውንም በኋላ ትከፍላለች። አምሮቱ የሚበረታው ግን ከዚያ በፊት ባሉት፣ ጾሟን ገና በያዘችባቸው ቀኖች ነው። ስለዚህ በሱሑር ጊዜ ጥራጥሬና ወተት፣ በማፍጠሪያም ጊዜ ከጣፋጩ ጋር ሾርባና እህል ቢቀርብ ይረዳታል። በክርስቲያኖች ጾም ወተትና ሥጋ ስለሚቀር፣ ሽሮ፣ ምስር፣ ሰሊጥ፣ ተልባና ጎመን ይበልጥ መዘውተር ይገባቸዋል።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። የወር አበባ በሽታ አይደለም፤ አምሮቱም በሽታ አይደለም። ነገር ግን ወደ ሐኪም የሚያስኬዱ ምልክቶች አሉ። አፈርና ከሰል ማማር፤ ደሙ በጣም መብዛት ወይም ከስምንት ቀን በላይ መቆየት፤ ራስ እየዞረ መውደቅ፤ ረኃቡና ጥማቱ ከወር አበባው ቀን ጋር ሳይያያዝ ዘወትር መበርታትና ሽንት መብዛት፣ ይህ የስኳር በሽታ ሊሆን ይችላልና፤ ከልክ በላይ በልቶ በፈቃድ ማስታወክ፤ እንዲሁም ከወር አበባ በፊት ሕይወትን እስከ መጥላት የሚያደርስ ኀዘን ናቸው። ይህ የመጨረሻው በ2013 ዓ.ም. በወጣው የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች መዝገብ ራሱን የቻለ ሕመም ሆኖ ተመዝግቧል፤ ሕክምናም አለው። የደም ማነስ በበዛበት አገር የወር አበባ ለሚያዩ ሴቶች በየሳምንቱ የብረት ክኒን እንዲሰጥ የዓለም የጤና ድርጅት ይመክራል፤ ስለዚህ የሚያስፈልግ መሆኑን ከጤና ጣቢያ ወይም ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ መጠየቅ መልካም ነው።

በመጨረሻም ለመምህራንና ለወላጆች አንድ ቃል አለን። በትምህርት ቤት ስለ ልብና ስለ ሳንባ በግልጥ እናስተምራለን፤ ስለ ወር አበባ ግን ገጹን ገልብጠን እናልፈዋለን። ገጹ በታለፈበት ክፍል ውስጥ ልጃገረዶቹ ከሹክሹክታ ይማራሉ፤ ወንዶቹም ከስድብ ይማራሉ። የሳይንስ መምህሩ ወንዱንና ሴቱን በአንድነት አስቀምጦ፣ ያለ ሳቅና ያለ ማፈር፣ እንደ ማንኛውም የሰውነት ሥራ አድርጎ ቢያስረዳ፣ እኅቱን ሆዳም የሚላት ልጅ ከዚያ ክፍል አይወጣም። የሴት መምህርት ባለችበት ትምህርት ቤት ልጃገረዶቹ ለብቻቸው የሚጠይቁበት ጊዜ ቢኖር ደግሞ እጅግ ይጠቅማል። አንዲት ተማሪ ቀርባ «እትዬ፣ በነዚህ ቀኖች ሆዴ አይጠግብም፤ ምን ልሁን?» ለማለት ከደፈረች፣ መልሱ «ልጄ፣ ይህ በብዙ ሴቶች ላይ የሚመጣ ነው፤ ቁርስሽን በልተሻል ወይ?» የሚል ይሁን።

አባቶችም ከዚህ ነገር ውጭ አይደሉም። ለነፍሰ ጡር ሚስቱ የተመኘችውን ፍለጋ ገበያ ለገበያ የዞረ አባት፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ለልጁ አንድ ጣሳ ሽምብራና ጥቂት ሙዝ ገዝቶ ቢገባ ክብሩ አይቀነስም። የቤቱ እናት ደግሞ ማዕዱ በሳሳ ቀን እጇ ወደ ማን ድርሻ እንደሚሄድ ትመልከት። ልጅቱ «አማረኝ» ያለች ቀን ነገሩ በእርሷ ላይ የመጣ መሆኑን አስበን፣ አስቀድመን በልታ እንደ ሆነ እንጠይቃት፤ ካልበላች እናብላት፤ ከበላችም ቀኗን እንድትቈጥር እናስተምራት።